ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ከማሳ ወደ መደብር እንዴት ደረሰ?



ከመሥሪያ ቤት ወጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ለልጆቻችሁ ማር ወይም ሻይ ለመግዛት ወደ አንድ ታላቅ መደብር ጎራ ብትሉ፥ በመደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ አንዳንዱ «ኦርጋኒክ» የሚል ቃል ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። ዋጋውም ከጎኑ ካለው ብዙ ጊዜ ላቅ ያለ ነው። ሻጩን «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «የተፈጥሮ ነው፤ ንጹሕ ነው» ብሎ ይመልስላችሁ ይሆናል። መልሱ ፍጹም ስሕተት ባይሆንም በቂ አይደለም። ንጹሕ ያልሆነ ምግብማ ከቶ ሊሸጥ አይገባውም፤ ከተፈጥሮ ያልተገኘ እህልም የለም። ስለዚህ ለአንድ ቃል ሲል ከደመወዙ ቆጥሮ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው፥ ቃሉ ከየት እንደ መጣና ማን እንደሚመሰክርለት ማወቅ ይገባዋል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከማዳበሪያ ነው። ከጥንት ጀምሮ ገበሬ የደከመ መሬቱን የሚያድሰው በፍግና በአመድ፥ ባቄላና አተር እያፈራረቀ በመዝራት፥ ማሳውንም ለጥቂት ጊዜ በማሳረፍ ነበር። በ1909 ፍሪትዝ ሃበር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ከሃይድሮጂን ጋር አዋሕዶ አሞንያ ለመሥራት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽ ደግሞ ይህን የቤተ ሙከራ ሥራ ወደ ኢንዱስትሪ አሸጋገረውና በ1913 ኦፓው በተባለው የጀርመን ከተማ ፋብሪካው ተከፈተ። ያው አሞንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፈንጂ መሥሪያ ዋለ፤ በሰላሙ ጊዜ ደግሞ በጆንያ ተሞልቶ ወደ እርሻ ሄደ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ እኩሌታ የሚሆነው በዚህ መንገድ በተገኘ ናይትሮጂን በበቀለ እህል እንደሚመገብ ሊቃውንት ይገምታሉ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ በ1873 ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደ፥ በካምብሪጅ የተማረ የዕፀዋት ሊቅ ነበር። በ1905 የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ወደ ህንድ አገር ተላከና ፑሳ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተመደበ። ተልእኮው የአውሮጳን የእርሻ ሳይንስ ለህንድ ገበሬ ማስተማር ነበር። እርሱ ግን እንደ ደረሰ የጣቢያውን ዙሪያ ቢመለከት፥ የአካባቢው ገበሬ ፀረ ተባይ መድኃኒትና የፋብሪካ ማዳበሪያ ሳያውቅ ያማረ አዝመራ ያመርታል። ሃዋርድም ለጊዜው መምህርነቱን ትቶ ተማሪ ለመሆን ወሰነ። ገበሬዎቹንና ተባዮቹን የእርሻ ፕሮፌሰሮቼ እስከ ማለት ደረሰ። ከፍ ያለ ማዕረግ ይዞ ወደ ጠቅላይ ግዛት የሚላክ ባለሥልጣን ስንት ጊዜ እንዲህ ያደርጋል? ይህን ለአንባቢ ፍርድ እንተወዋለን።

ሃዋርድ ስለ በሬዎቹ የጻፈው የሚደነቅ ነው። በሚገባ በለማ መሬት ላይ በበቀለ መኖ የቀለባቸው በሬዎች፥ ከአጥሩ ማዶ ካሉት በአፍና እግር በሽታ ከተያዙ ከብቶች ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ሲተሻሹ በዓይኑ እያየ በሽታው ሳይዛቸው ቀረ። ይህ አንድ ሰው ያየው ነገር እንጂ የተመዘነ የሳይንስ ማስረጃ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የሕይወቱን መንገድ ወሰነለት። የአፈር ጤና፥ የተክል ጤና፥ የእንስሳና የሰው ጤና አንድ ሰንሰለት ነው የሚል እምነት አደረበት።

በ1924 ኢንዶር በተባለው ከተማ የምርምር ተቋም አቋቁሞ ከባለቤቱ ከገብርኤል ሃዋርድ ጋር ሥራውን ቀጠለ። እርሷም ራሷ የታወቀች የዕፀዋት ሊቅ ስለ ነበረች የሥራው እኩሌታ የእርሷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ስፍራ የኢንዶር ዘዴ የተባለውን የብስባሽ አሠራር አዘጋጁ። ይኸውም አረሙን፥ ቅጠሉን፥ የጥጡን አገዳ፥ የከብቱን እበትና ሽንቱ የጠጣውን አፈር፥ ጥቂት አመድም ጨምሮ በድርብርብ መከመር፤ ውሃ ማርከፍከፍ፤ በየጊዜው ማገላበጥ፤ በሦስት ወር ገደማ ጥቁር ለም አፈር ሆኖ ይገኛል። የጥጡ አገዳ ጠንካራ ስለ ነበረ በጋሪ መንገድ ላይ አንጥፈው የመንኰራኵርና የከብት እግር እንዲያደቀው ያደርጉ ነበር። ወጪ የለውም ለማለት ይቻላል። ገብርኤል በ1930 ዐረፈች፤ ሃዋርድም በሚቀጥለው ዓመት ህንድን ለቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1940 ያሳተመው መጽሐፍ የእርሻ ኑዛዜ የሚል ስም ነበረው።

ሰውየው እንዲህ ሲደክም ቃሉ ገና አልተወለደም ነበር። ያው 1940 ሎርድ ኖርዝቦርን የተባለ እንግሊዛዊ መኰንንት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «ኦርጋኒክ እርሻ» የሚለውን ስያሜ አወጣ። ያሰበውም እርሻ እንደ አንድ ሕያው አካል ነው፤ ብልቶቹ እርስ በርሳቸው የሚመጋገቡ፥ ከውጭ በሚገዛ ነገር ላይ የማይንጠለጠል ነው ማለቱ ነው። ስለዚህ ቃሉ በመጀመሪያ ትርጉሙ ስለ ዕቃው ንጽሕና የተነገረ ሳይሆን ስለ እርሻው አኗኗር የተነገረ ነበር። ከዚያ አስቀድሞም ሩዶልፍ ሽታይነር የተባለው ፈላስፋ በ1924 ያን ጊዜ በጀርመን ግዛት፥ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በሚገኘው በኮበርቪትስ ስለ እርሻ ተከታታይ ትምህርት ሰጥቶ ነበር። ትምህርቱ ከከዋክብትና ከረቂቅ ኃይላት ጋር የተቀላቀለ ስለ ሆነ ብዙ ሳይንቲስቶች አይቀበሉትም፤ ሆኖም የእርሱ ተከታዮች ያወጡት ዴሜተር የተባለው የንግድ ምልክት በምርት ላይ የአመራረቱን ዓይነት መስክሮ መሸጥን ካስጀመሩት ቀደምት ምልክቶች አንዱ ነው።

የጠቅላይ ሚኒስትር አርተር ባልፎር የወንድም ልጅ የነበረችው እመቤት ኢቭ ባልፎር ደግሞ ክርክሩ በወሬ እንዳይቀር ፈለገች። ሳፎክ በተባለው ግዛት ሆውሊ በሚባል መንደር ያላትን እርሻ ከ1939 ጀምሮ ከፍላ፥ አንዱን ወገን በፍግና በብስባሽ ብቻ፥ ሌላውን በፋብሪካ ማዳበሪያ እያረሰች ማመዛዘን ጀመረች። በ1943 ያሳተመችው መጽሐፍ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ በ1946ም የአፈር ማኅበር በእንግሊዝ አገር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ዋናዋ እርሷ ነበረች። በአሜሪካ አገር የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ጄሮም ሮዴል የሃዋርድን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ በፔንሲልቬንያ እርሻ ገዝቶ በ1942 ስለ ኦርጋኒክ እርሻና አትክልት የሚናገር መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ግን የእርሻ ሊቃውንቱ እነዚህን ሰዎች እንደ ቅዠታሞች ነበር የሚመለከቷቸው። ጊዜው የዲዲቲ ዘመን ነበርና። ዲዲቲ ተባይ እንደሚገድል የደረሰበት ስዊዛዊው ፖል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በአገራችንም ቢሆን ይኸው መድኃኒት በወባ በሚታወቁ ቆላ ስፍራዎች በቤት ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲረጭ የነበረ ነው፤ ብዙ ሕይወትም አድኗል።

የሕዝቡን አሳብ የለወጠችው ራሼል ካርሰን ናት። እርሷም እንደ አብዛኞቻችሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች፤ በአሜሪካ የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት የኅትመት ሥራ ስትመራ ቆይታ በ1952 ለጽሕፈት ሥራዋ ስትል ለቀቀች። በ1962 ባወጣችው መጽሐፍ ዲዲቲና መሰሎቹ በወፎች፥ በዓሣዎችና በሰው አካል ውስጥ እንዴት እየተጠራቀሙ እንደሚሄዱ ዘረዘረች። የኬሚካል ኩባንያዎች በብርቱ ተቃወሟት፤ እርሷ ግን በካንሰር ሕመም ላይ ሳለች በምክር ቤት ፊት ቀርባ መሰከረች። በ1964 ዐረፈች። ዲዲቲን ለአብዛኛው አገልግሎት የሚከለክለው ትእዛዝ በአሜሪካ የወጣው በ1972 ነው። ልብ ማለት የሚገባው ካርሰን ስለ ኦርጋኒክ እርሻ ለመስበክ አልተነሣችም፤ ነገር ግን የቤት እመቤቶች ወደ ገበያ ሲወጡ «በዚህ ቲማቲም ላይ ምን ተረጭቶበታል?» ብለው መጠየቅ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ገዢ ሲገኝ አታላይም አብሮ ይገኛል። ቲማቲሙ ራሱ በማን እርሻ እንደ በቀለ አይናገርም፤ በመድኃኒት የበቀለውና ያለ መድኃኒት የበቀለው በዓይን አይለዩም። ስለዚህ የእንግሊዙ የአፈር ማኅበር በ1967 አምራቾች የሚጠብቁትን ሥርዓት በጽሑፍ አወጣ። በ1972 የአምስት ማኅበራት መልእክተኞች በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የኦርጋኒክ እርሻ ፌዴሬሽን መሠረቱ። በካሊፎርንያ በ1973 ገበሬዎች ራሳቸው እርስ በርሳቸው የሚመሰክሩበት ማኅበር አቆሙ። ዴንማርክ በ1987 ሕግ አወጣች፤ የአውሮጳ ማኅበርም በ1991 ለአባል አገሮች ሁሉ የሚሆን ደንብ ደነገገ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕጉ የታወጀው በ1990 ነበር፤ ነገር ግን ሕጉን የሚያስፈጽመው ዝርዝር ደንብ እስኪወጣ ብዙ ዓመት ፈጀ። በዚህ ላይ የደረሰውን ጥቂት ሰፋ አድርገን ብናወራው ደስ ይለናል፤ ስለ መሥሪያ ቤት ሥራ ብዙ የሚያስተምር ነውና።

በታኅሣሥ ወር 1997 የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የደንቡን ረቂቅ አዘጋጅቶ ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥበት አወጣ። ረቂቁ ሦስት ነገሮችን በኦርጋኒክ ስም ለመፍቀድ በሩን ክፍት ትቶ ነበር። እነዚህም ባሕርያቸው በቤተ ሙከራ የተለወጠ ዘሮች፥ በጨረር የተመታ ምግብና ከከተማ ፍሳሽ የተጣራ ዝቃጭ ናቸው። የሆነውን ገምቱ። ከገበሬዎች፥ ከሸማቾችና ከሱቅ ባለቤቶች ከ275,000 በላይ ደብዳቤዎችና መልእክቶች ወደ ሚኒስቴሩ ጎረፉ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል። ሚኒስቴሩ ደብዳቤዎቹን በመዝገብ ቤት አሽጎ ሊያስቀምጥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ተመልክቶ ሦስቱንም አስወጣ፤ አዲስ ረቂቅ አዘጋጀ፤ የመጨረሻው ደንብ በታኅሣሥ 2000 ወጥቶ ከጥቅምት 2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በእኛ አስተያየት የኦርጋኒክ ምርት ታሪክ ከባድ ቀን ሃዋርድ ብስባሹን የከመረበት ቀን ብቻ ሳይሆን ይህም ጭምር ነው። ቃሉ የሕዝብ መሆኑ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነውና።

ደንቡ ምን ይላል? በአጭሩ፥ አንድ መሬት ምርቱ በዚህ ስም ከመሸጡ በፊት ለሦስት ዓመት ያህል የተከለከለ ኬሚካል ሳይነካው መቆየት አለበት። በእነዚያ ዓመታት ገበሬው ድካሙ የኦርጋኒክ ገበሬ ድካም ሲሆን ዋጋው ግን የተራ እህል ዋጋ ነው። ብዙው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። በየዓመቱ መርማሪ ይመጣል፤ ዘሩ ከየት እንደ ተገዛ፥ ምን እንደ ተረጨ፥ ምርቱ ለማን እንደ ተሸጠ መዝገብ ይታያል። ከተለያየ ነገር ተቀላቅሎ የተሠራ ምግብ «ኦርጋኒክ» ለመባል ከጨውና ከውሃ በስተቀር ቢያንስ 95 በመቶው ከእንዲህ ያለ እርሻ የተገኘ መሆን አለበት።

ሕጉ ከተተከለ በኋላ ገበያው በፍጥነት ሰፋ። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ነጋዴዎች ማኅበር እንደሚገልጸው በ1990 የአንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል የነበረው ሽያጭ በ2023 ወደ 70 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ኧርዝባውንድ የተባለው እርሻ በ1984 በካሊፎርንያ በሁለት ተኩል ኤከር የእንጆሪ ማሳ ተጀምሮ፥ የታጠበ ሰላጣ በከረጢት እያሸገ በመሸጥ አድጎ በ2013 በ600 ሚሊዮን ዶላር እንዲሸጥ ስምምነት ተደረገበት። በ1980 በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ በአንድ ሱቅ የተጀመረውን ሆል ፉድስን በ2017 አማዞን በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2006 ዋልማርት በመደብሮቹ ውስጥ የኦርጋኒክ ምርት እንደሚያበዛ ባስታወቀ ጊዜ ነገሩ የሀብታሞች ምርጫ መሆኑ ማብቃት ጀመረ። ምግብ ብቻ አይደለም፤ የጥጥ ልብስ፥ ሳሙናና ቅባትም ይህን ስም ይዘው ይሸጣሉ። በዴንማርክ አገር ደግሞ የተደረገው ሌላ ነው። የኮፐንሃገን ከተማ በመዋዕለ ሕፃናትና በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤቶቿ ከሚበላው 90 በመቶው ኦርጋኒክ እንዲሆን ወስና እስከ 2015 ድረስ ወደዚያ ግብ በጣም ተጠጋች። ሥጋ በመቀነስ፥ አትክልትን እንደ ወቅቱ በመግዛት፥ የሚጣለውንም በማሳነስ ወጥ ቤቶቹ አሠራራቸውን ለወጡ።

እንግዲህ የጥንቶቹ መሥራቾች ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበርን? ግማሽ ልባቸው ብቻ ይመስለናል። ኖርዝቦርን ከውጭ በሚገዛ ነገር የማይንጠለጠል እርሻ አለ እንጂ በመርከብና በአውሮፕላን ግማሽ ዓለም የሚዞር ሰላጣ አላለም።

ስለ ኦርጋኒክ ምርት የሚነገረውም ሁሉ እውነት አይደለም። በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከዚያ በፊት የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ቢመረምሩ፥ በኦርጋኒክ ምግብ ላይ የሚገኘው የፀረ ተባይ ቅሪት ያነሰ ቢሆንም ምግቡ ከሌላው ይልቅ ገንቢ ነው የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። ፀረ ተባይም ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ ከፓይሬትረም አበባ የሚገኘውና ሌሎችም ጥቂቶች የተፈቀዱ ናቸው። የምርቱም መጠን በአማካይ ከመደበኛው እርሻ አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ከላይ በልባችሁ ያኖራችሁት የሃበር ናይትሮጂን ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። በ2021 የስሪላንካ መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ከውጭ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለ። ገበሬው ብስባሽ የሚያዘጋጅበት ጊዜም ሆነ በቂ ትምህርት አላገኘም። የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፤ የሻይ ገበሬው ጮኸ፤ እገዳው በዚያው ዓመት በኅዳር ተነሣ። ሃዋርድ ሃያ ዓመት ሙሉ ከገበሬ ሲማር የቆየበትን ነገር በአንድ ትእዛዝ ለመፈጸም መነሣት ትልቅ ድፍረት ነበር።

ማታለሉም አልጠፋም። በአሜሪካ አንድ ነጋዴ ለብዙ ዓመታት ተራ በቆሎና አኩሪ አተር በኦርጋኒክ ስም ሲሸጥ ቆይቶ በ2019 ከ10 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሸጠው እህል ዋጋ ከ140 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። እርሻዎቹ ምስክር ወረቀት ነበራቸው። የአሜሪካ መንግሥት ከ2024 ጀምሮ ቁጥጥሩን አጥብቆ፥ ከውጭ የሚገባው እያንዳንዱ ጭነት የራሱ የምስክር ሰነድ እንዲኖረው አዝዟል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በከፋ፥ በሲዳማና በይርጋጨፌ ያለው የቡና ገበሬ በአብዛኛው ከጥላ ዛፍ በታች፥ ያለ ኬሚካል ቡናውን ሲያለማ የኖረ ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ በአገራችን በስፋት መታወቅ የጀመረው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ በስዊድን ዕርዳታ በ1967 በጭላሎ የተጀመረው የእርሻ ልማት ድርጅት በዚህ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1996 ደግሞ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር ብስባሽ የመሥራት ሙከራ ጀመሩ፤ ብስባሽ የገባበት ማሳ ከማዳበሪያው ጋር የሚስተካከል፥ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት ሰጠ። መንግሥትም በ2006፥ ማለት በእኛ 1998 ዓ.ም.፥ ስለ ኦርጋኒክ እርሻ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488ን አወጣ።

ነገር ግን ኬሚካል አለመንካት አንድ ነገር ነው፤ አለመንካቱን ማስመስከር ሌላ ነው። ግማሽ ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ ከውጭ አገር የሚመጣውን መርማሪ አበልና የጉዞ ወጪ ብቻውን ከፍሎ አይዘልቀውም። በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና ከእርሱ በኋላ የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖች ይህን በኅብረት ፈቱት። ማኅበሩ የራሱ ተቆጣጣሪዎች ይኖሩታል፤ የእያንዳንዱን አባል ማሳ መዝግበው ይጎበኛሉ፤ የውጭው መርማሪ መዝገቡን አይቶ ጥቂት ማሳዎችን በናሙና ይመለከታል። አንድ አባል ቢያጠፋ ሁሉም ወረቀቱን ሊያጡ ይችላሉ።

የአውሮጳ ማኅበር በ2018 ያወጣው አዲስ ደንብ ግን ይህን አሠራር አጠበበው። በዚህ ደንብ አንድ ቡድን በሕግ የታወቀ ሰውነት ያለው መሆን አለበት፤ አባላቱም ከ2,000 መብለጥ የለባቸውም። በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ገበሬዎችን ለያዙ ማኅበራት ይህ ማለት የአባላቱን መዝገብ ከፋፍሎ፥ ለየቡድኑ የተለየ ጽሕፈት ቤት፥ የተለየ ተቆጣጣሪና የተለየ ምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። የመዝገቡም ወጪ ከዚያው ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ላይ የሚታሰብ ነው።